አይፓክን መተቸት ሌላ፣ አይሁድን መክሰስ ሌላ

ሰሞኑን በአማርኛ ተጽፎ በብዙ ሰው እጅ የገባ አንድ ረጅም ጽሑፍ አለ። የአሜሪካን የመካከለኛው ምሥራቅ ፖሊሲ ለማስረዳት ተነሥቶ ያረፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። የጽሑፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ አይሁድ ዓለምን ለመቆጣጠር የነደፉት ዕቅድ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» በሚባለው ሰነድ ተገልጧል፤ የሮትሺልድ ቤተሰብ የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ በእጁ አድርጓል፤ በ2001 የኒው ዮርክ መንትያ ሕንጻዎች በተመቱበት ዕለት አራት ሺህ አይሁድ ከሥራ ቀርተዋል፤ አይፓክ የተባለው የእስራኤል ደጋፊ የውትወታ (ሎቢ) ድርጅት የአሜሪካን ምክር ቤት እንደ ፈለገ ያዝዛል፤ የኢራቅ ጦርነት የተካሄደው ለእስራኤል ሲባል ነው፤ ይህን የተናገረ ሁሉ «ፀረ ሴማዊ» ተብሎ አፉ ይዘጋል። በመጨረሻም ቤተ እስራኤል ከኢትዮጵያ የተወሰዱት ለዚሁ ዕቅድ ማሟያ እንደሆነ ጠቅሶ፣ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እንድንነቃ ይመክራል።

ከእነዚህ ነጥቦች ውስጥ የአይፓክ ጉዳይ በእርግጥም ልንነጋገርበት የሚገባ ነው፤ በጸሐፊው ላይ ያለኝ ዋናው ቅሬታም ይህን እውነተኛ ጥያቄ ከተረት ጋር አንድ ላይ አስረው በማቅረብ ዋጋ ማሳጣታቸው ነው። ስለዚህ ነጥቦቹን እርሳቸው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮቶኮሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ የታየው በ1903 በሴንት ፒተርስበርግ፣ ፓቬል ክሩሼቫን ያዘጋጀው በነበረው «ዝናምያ» ጋዜጣ ላይ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሰርጌ ኒሉስ የተባለ ሩሲያዊ ጸሐፊ በመጽሐፉ ውስጥ አካተተው። በነሐሴ 1921 የለንደኑ «ታይምስ» የቁስጥንጥንያ ዘጋቢ ፊሊፕ ግሬቭስ ሰነዱን ከአንድ የቆየ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ለአንባቢ አቀረበ። መጽሐፉ ሞሪስ ጆሊ የተባለ ፈረንሳዊ ጠበቃ በ1864 በብራስልስ ያሳተመው፣ ማኪያቬሊና ሞንቴስኪዩ በሲኦል ሲከራከሩ የሚያሳይ ምናባዊ ምልልስ ነው። ጆሊ የጻፈው ናፖሊዮን ሣልሳዊን ለመንቀፍ ሲሆን በዚሁ ምክንያት ታስሯል፤ በመጽሐፉም ውስጥ ስለ አይሁድ ሴራ የሚናገር ነገር የለም። ሰነዱን የፈጠሩት ሰዎች ማኪያቬሊ በምልልሱ ውስጥ የሚናገረውን እየወሰዱ በአይሁድ ሽማግሌዎች አፍ አደረጉት፤ የታሪክ ተመራማሪው ኖርማን ኮን በዚህ መንገድ የተቀዱ ከ160 በላይ አንቀጾችን ለይቷል፣ ይህም የሰነዱ ሁለት አምስተኛ ያህል ነው።

ጸሐፊው የስዊዘርላንዱን ፍርድ ጠቅሰዋል፤ በ1935 የበርን ፍርድ ቤት ሰነዱን ሐሰተኛ ቢለውም ይግባኝ ሰሚው በ1937 ፍርዱን ሽሮታል ይላሉ። መሻሩ እውነት ነው። ያልነገሩን ነገር፣ ይግባኝ ሰሚው የሻረው ክሱ የተመሠረተበት ስለ ጸያፍ ጽሑፎች የወጣ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ የፖለቲካ ጽሑፍ አይሠራም ብሎ እንጂ ሰነዱ እውነተኛ ሆኖ ስላገኘው አለመሆኑን ነው። ግማሹን ፍርድ ብቻ ማንበብ ስለ ፍርድ ቤት ዶሴ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው የማይመጥን አሠራር ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው መውጫ አዘጋጅተዋል፤ «ሰነዱ ሐሰተኛ ነው ቢባል እንኳ የተባለው ሁሉ ሲፈጸም እያየን ነው» ብለዋል። ይህም ክርክር የእርሳቸው አይደለም። መኪና ሠሪው ሄንሪ ፎርድ በ1921 ስለ ሰነዱ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ፣ በዓለም ላይ ከሚሆነው ጋር ይገጥማል የሚል ነበር፤ በእርሱ ባለቤትነት የሚታተመው «ዲርቦርን ኢንዲፔንደንት» ጋዜጣም ይህንኑ ለዓመታት ሲያሰራጭ ቆየ፣ ፎርድ ግን በ1927 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ሐሰትነቱ የተረጋገጠ ሰነድ «ይገጥማል» ተብሎ የሚያዝ ከሆነ፣ ክሱን ሊያስተባብል የሚችል ምንም ዓይነት ማስረጃ በዓለም ላይ አይኖርም ማለት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አካሄድ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጎንደር፣ በሰሜን፣ በወገራና በደምቢያ የኖሩት ቤተ እስራኤል የርስት መብታቸውን ካጡ በኋላ ብረት በመቀጥቀጥ፣ ሸክላ በመሥራትና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ማረሻውንና ማጭዱን፣ እንስራውንና ድስቱን ቀን ከእነርሱ ይገዛሉ፤ ማታ ደግሞ ጅብ ሆነው መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሰው ይበላሉ ይሏቸዋል። ልጅ ሲታመም ቡዳ በላው ይባላል፤ የታመመው ሲለፈልፍ ስም ይጠራል፤ ስሙ የተጠራበት ቀጥቃጭ ሌሊቱን በቤቱ ተኝቶ ማደሩን ቢምል ማን ይሰማዋል? መማሉ ራሱ የቡዳነቱ ምልክት ተደርጎ ይቆጠርበታል። በአውሮፓም ከ1144 የእንግሊዝ ከተማ ኖርዊች ጀምሮ የጠፋ ወይም የሞተ ክርስቲያን ልጅ በተገኘ ቁጥር አይሁድ ደሙን ለአምልኮ ፈልገውት ነው የሚል ክስ ሲዞር ኖሯል። ፕሮቶኮሉን ያተመው ያው ክሩሼቫን በዚያው በ1903 ዓመት በሌላው ጋዜጣው ይህንኑ የደም ክስ አራግቦ፣ በሚያዝያ ወር በኪሽኒየቭ ከተማ 49 አይሁድ ተገድለዋል። ጸሐፊው የጎንደሩን ተረት እንደ ኋላ ቀርነት እንደሚያዩት አልጠራጠርም፤ የሴንት ፒተርስበርጉን ግን ሰነድ ብለው ጠርተውታል።

ወደ ባንኩ እንለፍ። የሮትሺልድ ቤተሰብ በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ እጅግ ባለጸጋ እንደነበረና ለመንግሥታት ያበድር እንደነበረ ማንም አይክድም። የቤተሰቡ አባል ናታን በ1815 የዋተርሉን ጦርነት በዓይኑ አይቶ ወሬውን ቀድሞ ለንደን በማድረስ ስላገኘው ትርፍ የተነገረው ታሪክ ግን በ1846 «ሰይጣን» በሚል የብዕር ስም ፓሪስ ውስጥ ከታተመ የስድብ ጽሑፍ የመጣ ነው፤ ናታን ሮትሺልድም በዚያ የሰኔ ቀን የነበረው በጦር ሜዳው ሳይሆን በለንደን ነው። የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭን፣ በሚመለከት ጸሐፊው በኅዳር 1910 በጆርጂያ ግዛት በጄኪል ደሴት የተደረገውን ምስጢራዊ ስብሰባ ጠቅሰው ፖል ዋርበርግን በስም አንሥተዋል። ስብሰባው ተደርጓል፤ ምስጢርም ነበር፤ ዋርበርግም አይሁዳዊ ነው። ከጎኑ የተቀመጡት ሴናተር ኔልሰን አልድሪች፣ የናሽናል ሲቲ ባንኩ ፍራንክ ቫንደርሊፕ እና የጄ ፒ ሞርጋኑ ሄንሪ ዴቪሰን አይሁድ ስላልነበሩ ስማቸው ከጽሑፉ ቀርቷል። አንድን ስብሰባ ገልጾ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱን ብቻ መጥራት ምን ለማሳየት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ከዚያ ስብሰባ የወጣው ዕቅድ ደግሞ እንዳለ ሕግ አልሆነም። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በታኅሣሥ 1913 የፈረሙት ሕግ ከባንኮቹ በላይ የመንግሥት ቦርድ አስቀመጠ፤ ዛሬ የቦርዱን ሰባት አባላት ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔት ያጸድቃል። አባል ባንኮች በአሥራ ሁለቱ የክልል ሪዘርቭ ባንኮች ውስጥ አክሲዮን አላቸው፤ ይህ አክሲዮን ግን እንደ ተራ አክሲዮን የሚሸጥ የሚለወጥ አይደለም፣ የሚከፈለውም የትርፍ ድርሻ በሕግ የተወሰነ ነው፣ ከወጪ የተረፈው ገቢም የሚሄደው ወደ አገሪቱ ግምጃ ቤት ነው። ባንኩን በወለድ ተመኑ ወይም ትልልቅ ባንኮችን ከውድቀት በማዳኑ መተቸት ይቻላል፤ ለዚያ ትችት የሮትሺልድ ስም የሚጨምርለት ነገር የለም።

የአራት ሺዎቹን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጥቃቱ በደረሰ ጊዜ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን አካባቢ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ እስራኤላውያን እንደሚገኙና ደኅንነታቸውን እያጣራ እንደሆነ ተናገረ፤ የሊባኖሱ የሂዝቦላህ ቴሌቪዥን አል ማናር በሳምንቱ ውስጥ ቁጥሩን ወስዶ «አራት ሺህ አይሁድ ከሥራ ቀሩ» አደረገው። ከሟቾቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት አይሁድ እንደነበሩ ይገመታል። ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

አሁን ወደ አይፓክ። ድርጅቱ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ቀደም ሲል በእስራኤል መንግሥት የመረጃ ቢሮ ይሠራ በነበረው አይዛያ ኬነን የተመሠረተ የሎቢ ተቋም ነው። ገንዘቡን የሚያገኘው ከአሜሪካውያን ለጋሾች ነው፤ ዓላማው የአሜሪካና የእስራኤልን ግንኙነት ማጠንከር ነው፤ በሥራውም የተዋጣለት እንደሆነ ወዳጁም ጠላቱም ይመሰክራል። በ2016 በተፈረመው ስምምነት መሠረት አሜሪካ ለእስራኤል በዐሥር ዓመት 38 ቢሊዮን ዶላር ወታደራዊ እርዳታ ትሰጣለች። ይህ ያለ ፖለቲካ ድጋፍ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ድጋፉንም በማደራጀት አይፓክ ድርሻ አለው።

ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አይፓክ ራሱ ለዕጩዎች ገንዘብ አይሰጥም ነበር፤ የእርሱን አቋም የሚጋሩ ግለሰቦችና ኮሚቴዎች ይሰጡ ነበር። በ2021 መጨረሻ ይህን ልማድ ትቶ የራሱን የፖለቲካ ኮሚቴና «ዩናይትድ ዴሞክራሲ ፕሮጀክት» የተባለውን ሱፐር ፓክ፣ ማለትም ያለ ገደብ ገንዘብ ሰብስቦ ለምርጫ ዘመቻ የሚያወጣ ኮሚቴ፣ አቋቋመ። በ2024 የኒው ዮርኩን ተወካይ ጀማል ቦውማንን ለመጣል ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ የሚዙሪዋን ኮሪ ቡሽን ለመጣል ደግሞ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ፤ ሁለቱም በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸነፉ። በእነዚህ ውድድሮች ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የብሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በዚህ ገንዘብ የተሠሩት ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ እስራኤልን ጨርሶ አለማንሣታቸውና ከሪፐብሊካን ባለጸጎች የተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ውስጥ መፍሰሱ ነው። መራጩ በአንድ ጉዳይ ምክንያት የወጣን ገንዘብ በሌላ ጉዳይ ስብከት ሆኖ ያየዋል። ይህን መተቸት ተገቢ ነው፤ የምርጫ ገንዘብ ሕጉም እንዲሻሻል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጸሐፊው ግን ይህን ሁሉ ትተው «አይሁድ ምክር ቤቱን ገዙት» ወደሚለው ዘለሉ። በ2022 ይኸው ሱፐር ፓክ በሚሺጋን ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ አንዲ ሌቪንን ከምክር ቤት እንዲወጡ አድርጓል። ሌቪን አይሁዳዊ ናቸው፤ የምኩራባቸው ጉባኤ ሊቀ መንበር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ጥፋታቸው የፍልስጤም መንግሥት እንዲመሠረት የሚያግዝ ሕግ ማርቀቃቸው ነበር። የተሸነፉትም አይሁድ ባልሆኑ ሴት፣ በሄይሊ ስቲቨንስ ነው። «አይሁድ» የሚለው ቃል በዚህ ውድድር ውስጥ ማንን ያመለክታል? የተሸነፉትን ሰው ነው ወይስ ያሸነፏቸውን ለጋሾች? ጄ ስትሪት የተባለው ሌላው የአይሁድ የሎቢ ድርጅት፣ በ2008 ሥራ የጀመረው፣ በዚያ ውድድር የቆመው ከሌቪን ጎን ነው። ፖለቲካው እንዳለ ሲታይ ይህ አሜሪካውያን አይሁድ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩበት ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

በዚያ ላይ ደጋፊው ሁሉ አይሁድ አይደለም። በ2006 ፓስተር ጆን ሄጊ ያቋቋሙት «ክርስቲያንስ ዩናይትድ ፎር እስራኤል» ከ10 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉኝ ይላል፤ በአሜሪካ ያሉት አይሁድ ደግሞ ሕፃናቱ ተጨምረው ወደ ሰባት ሚሊዮን ተኩል ናቸው። የፒው የምርምር ማዕከል በ2013 ባወጣው ጥናት እስራኤልን እግዚአብሔር ለአይሁድ ሰጥቷታል ብለው የሚያምኑት ከነጭ ወንጌላውያን መካከል 82 በመቶ ሲሆኑ ከአይሁዶቹ ከራሳቸው መካከል 40 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ የቴክሳስ ሴናተር ለእስራኤል ሲከራከር የሚያስበው በእሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገኛቸውን መራጮች ነው፤ ጸሐፊው ይህን ሴናተር የሰው እጅ የሚያንቀሳቅሰው አድርገው በማቅረብ ለውሳኔው ተጠያቂ እንዳይሆን አድርገውታል።

ሁሉን የሚያዝዝ ኃይል አይሸነፍም፤ አይፓክ ግን ተሸንፎ ያውቃል፣ ያውም በትልልቅ ጉዳዮች። በጥቅምት 1981 ፕሬዚዳንት ሬገን አዋክስ የተባሉትን የቅኝት አውሮፕላኖች ለሳዑዲ ዓረቢያ እንዳይሸጡ ድርጅቱ ባለ በሌለ ኃይሉ ታገለ፤ ሴኔት በ52 ለ48 ድምፅ ሽያጩ እንዲቀጥል አደረገ። በ1991 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ቡሽ እስራኤል የጠየቀችውን የ10 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና በሰፈራ ግንባታ ምክንያት አዘገዩት፤ የሎቢው ሠራዊት በምክር ቤቱ ቢሰማራም ዋስትናው በዚያ ዓመት አልተሰጠም። በ2015 ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ራሳቸው ዋሽንግተን መጥተው በምክር ቤቱ ፊት ንግግር አደረጉ፣ አይፓክም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የማስታወቂያ ዘመቻ አስከፈተ፤ የፕሬዚዳንት ኦባማ የኢራን የኒውክሌር ስምምነት ግን በሴኔት ሳይታገድ አለፈ። በ2022 የፔንሲልቫኒያዋ ሰመር ሊ የዚሁ ሱፐር ፓክ ገንዘብ ፈስሶባቸው አሸንፈው ምክር ቤት ገብተዋል። የቡሽ፣ የኦባማና የሰመር ሊ ታሪክ በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ ስፍራ ያጣው ዓለም በስውር እጅ ትንቀሳቀሳለች ከሚለው አነሣሣቸው ጋር ስለማይሄድ ይመስለኛል።

ጸሐፊው የፕሮፌሰር ጆን ሜርሻይመርንና የፕሮፌሰር ስቲቨን ዋልትን የ2006 ጽሑፍ እንደ ምስክር ጠርተዋል። ሁለቱ ምሁራን ሎቢው የአሜሪካን ጥቅም ጎድቷል ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል፤ ሆኖም የሚገልጹት ነገር ሴራ ወይም ስውር ማኅበር እንዳልሆነ፣ ክርስቲያን ጽዮናውያንንም እንደሚጨምርና ሥራው በአሜሪካ ፖለቲካ ውስጥ የተለመደና ሕጋዊ እንደሆነ እዚያው ጽፈዋል። በሌላ በኩል ኖአም ቾምስኪ፣ ለእስራኤል ፖሊሲ የማይራሩ ተቺ ሆነው ሳለ፣ ሁለቱ ምሁራን ለሎቢው ከሚገባው በላይ ክብደት ሰጥተው የአሜሪካን የራሷን ስልታዊና የነዳጅ ጥቅም አሳንሰዋል ብለው ተቃውመዋቸዋል። ይህ ክርክር እውነተኛ ክርክር ነው፤ ሁለቱም ወገን ማስረጃ ያቀርባል፣ ሁለቱም ወገን ሊሳሳት ይችላል።

ሎቢ ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ እኛ ሩቅ መሄድ የለብንም። በጥቅምት 2007 የተወካዮች ምክር ቤት ኤች አር 2003 የተባለውን ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የተረቀቀ ሕግ ያጸደቀው፣ በሚያዝያ 2018ም ኤች አር 128 የተባለውን ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ ያሳለፈው፣ በየግዛቱ ያሉ ኢትዮጵያውያን የተወካዮቻቸውን ቢሮ ደጅ ስለ ጠኑ፣ ስልክ ስለ ደወሉና ገንዘብ ስላዋጡ ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም በበኩሉ የዋሽንግተን ሎቢ አድራጊ ድርጅቶችን በወርኃዊ ክፍያ ቀጥሮ ሲከላከል ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የተቋቋመው የአሜሪካ ኢትዮጵያውያን የሕዝብ ጉዳዮች ኮሚቴ ስሙ የአይፓክን ስም የሚያስታውስ ነው፤ በ2021 የቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ ግሌን ያንግኪንን ደግፎ መራጩን ቀሰቀሰ፣ በማዕቀብ ረቂቆቹ በኤች አር 6600 እና በኤስ 3199 ላይም ዘመተ፤ ረቂቆቹ ሕግ ሳይሆኑ ቀሩ። በአቋሙ የተስማማም የተቃወመም አለ፤ የትግራይ ተወላጆችም በሌላ ወገን ሆነው እንዲሁ ወትውተዋል። በዚያ ወቅት አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ተነሥቶ «ሐበሾች ቨርጂኒያን ተቆጣጠሩ» ብሎ ቢጽፍ ጸሐፊው ምን ይሉ ነበር? የአቅም ልዩነቱ የትየለሌ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሥራው ዓይነት ግን አንድ ነው።

ስለ ኢራቅ ጦርነት በተነሣው ላይ መቀበል ያለብኝን ልቀበል። ከመከላከያ ሚኒስቴሩ ባለሥልጣናት ጦርነቱን አጥብቀው ከገፉት ውስጥ ፖል ዎልፎዊትዝና ዳግላስ ፋይት አይሁድ ነበሩ፤ ኔታንያሁም በመስከረም 2002 ከሥልጣን ውጭ ሆነው በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው የሳዳምን መወገድ ደግፈው መስክረዋል። ይሁን እንጂ የወሰኑት ጆርጅ ቡሽ፣ ዲክ ቼኒና ዶናልድ ራምስፌልድ ናቸው፤ ጉዳዩን በመንግሥታቱ ድርጅት ፊት ያቀረቡት ኮሊን ፓወል ናቸው። በጥቅምት 2002 ሴኔት የጦርነቱን ፈቃድ በ77 ለ23 ሲያጸድቅ ከተቃወሙት መካከል ካርል ሌቪን፣ ፖል ዌልስቶን፣ ራስል ፋይንጎልድ፣ ባርባራ ቦክሰርና ሮን ዋይደን ይገኙባቸዋል፤ አምስቱም አይሁድ ናቸው። ጋሉፕ በ2007 ባወጣው የሕዝብ አስተያየት ደግሞ ጦርነቱ ስሕተት ነበር ያሉት አይሁዳውያን 77 በመቶ ሲደርሱ የአጠቃላዩ ሕዝብ ድርሻ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ጦርነቱን አብልጦ የተቃወመውን ሕዝብ የጦርነቱ ባለቤት ማድረግ ቼኒን ደስ ከማሰኘት በቀር ለማን ይጠቅማል?

«የተናገረ ሁሉ ፀረ ሴማዊ ይባላል» በሚለው ውስጥ ግን እውነት አለ። ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት በ2016 የተቀበለው የፀረ ሴማዊነት ፍቺ ከያዛቸው 11 ምሳሌዎች ሰባቱ እስራኤልን የሚመለከቱ ናቸው፤ ይህን ፍቺ በዩኒቨርሲቲዎች ንግግርን ለመቆጣጠር የሚጠቀሙበት አሉ። የፍቺው ዋና አርቃቂ ኬኔት ስተርን ራሳቸው ለዚህ እንዳልተዘጋጀ ደጋግመው ተናግረዋል፤ በ2021ም ከ200 በላይ ምሁራን የእስራኤልን መንግሥት መተቸትን ከአይሁድ ጥላቻ ለይቶ የሚያስቀምጥ «የኢየሩሳሌም መግለጫ» የተባለ ሌላ ሰነድ ፈርመዋል። ስለ ጋዛ ሲቪሎች የተናገረ ሰው በዚህ ስም ሲወነጀል አይቶ መቆጣት ትክክል ነው። ጸሐፊው ግን በዚህ ከለላ ሥር ሊገቡ አይችሉም፤ ፕሮቶኮሉን ጠቅሰዋልና። እንዲያውም እንደ እርሳቸው ያለው ጽሑፍ ከተራበ ልጅ ጎን የቆመውን ሰው ሁሉ ለመወንጀል ለሚፈልግ ወገን የተመቸ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ኢትዮጵያውያን እንንቃ ለሚለው ምክራቸው፣ ይህ ትረካ በአሜሪካ ምድር ስለ እኛ ምን እንደሚል ማወቅ ይበጃል። በነሐሴ 2017 በሻርለትስቪል ችቦ ይዘው የወጡት ነጭ ብሔርተኞች «አይሁድ አይተኩንም» ሲሉ ያሰቡት አይሁድ ቦታቸውን ይወስዳሉ ብለው ብቻ አይደለም፤ በእነርሱ እምነት አይሁድ ነጩን ሕዝብ ለማጥፋት ጥቁሩንና ስደተኛውን ወደ አገሪቱ ያስገባሉ። በጥቅምት 2018 በፒትስበርግ ምኩራብ 11 ሰዎችን የገደለው ሰው ቂም የያዘው ሃያስ በተባለው ድርጅት ላይ ነበር፤ ሃያስ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከሩሲያ የሸሹ አይሁድን ሲረዳ ቆይቶ ዛሬ ከየትኛውም አገርና ሃይማኖት የመጣውን ስደተኛ፣ የአፍሪካን ስደተኛ ጨምሮ፣ የሚረዳ የአይሁድ ድርጅት ነው። በግንቦት 2022 በቡፋሎ ዐሥር ጥቁሮችን በገበያ ቦታ የገደለው ወጣት ከጻፈው ሐተታ ብዙው ክፍል ስለ አይሁድ ነው። ጸሐፊው ለእኛ ያመጡት ትረካ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሙሉ ሆኖ ሲነገር እኛን የሴራው መሣሪያ አድርጎ ያካትተናል።

የቤተ እስራኤል ጉዞ የዕቅዱ ማሟያ ነው ለሚለው ታሪኩ ተቃራኒውን ያሳያል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአሜሪካ ማኅበር ለኢትዮጵያ አይሁድ የተባለው ድርጅት ከፍተኛ ውትወታ ያደርግ የነበረው በራሱ በእስራኤል መንግሥት ላይ ነበር፤ ቸልተኛ ነው፣ ያዘገያል እያለ። በ1985 መጀመሪያ ከሱዳን የሚደረገው ጉዞ በተቋረጠ ጊዜ መቶውም የአሜሪካ ሴናተሮች ለፕሬዚዳንት ሬገን ደብዳቤ ፈረሙ፤ በመጋቢት ወር የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች በገዳረፍ አቅራቢያ የቀሩትን ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች አነሡ። በግንቦት 1991 ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲወጣ ለደርግ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ ነበር። ሎቢም ገንዘብም በዚህ ታሪክ ውስጥ በግልጽ አሉ፤ ማን እንደ ጠየቀ፣ ማን እንደ ከፈለና ማን እንደ ተቀበለ ይታወቃል።

ጸሐፊው እነዚህ ሰዎች እስራኤል ከደረሱ በኋላ የደረሰባቸውን መድልዎ አንሥተዋል፤ መድልዎው እውነት ነው። በጥር 1996 የእስራኤሉ ጋዜጣ «ማአሪቭ» የደም ባንኩ ከኢትዮጵያውያን የተለገሰውን ደም በምስጢር እንደሚያስወግድ ሲያጋልጥ፣ ወደ ዐሥር ሺህ የሚሆኑ ቤተ እስራኤል በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ። የጮኹት በጤና ሚኒስቴሩና በመንግሥቱ ላይ ነበር፤ መንግሥቱም የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮንን ሰብሳቢ አድርጎ አጣሪ ኮሚሽን ለማቋቋም ተገደደ። የጮኹትም፣ ያጋለጠው ጋዜጣ ባልደረቦችም፣ የተከሰሱት ባለሥልጣናትም አይሁድ ናቸው።